ቤቱን ለማየት 40 ደቂቃ ብቻ ተሰጥቷል፤ በየት ይጀመር? ምን ይፈተሽ?

ተከራይ_ልሆን
ሰላም ለሁላችሁ። ከነገ ወዲያ የሚታይ ቤት አለ፤ ሁለት መኝታ፣ ሳሎን፣ ኩሽና፣ አንድ መታጠቢያ ቤት። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፣ ከላዩም ሌላ ቤት አለ። ሁለት ወር ያህል ባዶውን ከርሟል፤ ቀለሙ አዲስ ነው። የተፈቀደው 40 ደቂቃ ነው። “ቧንቧውን ክፈቺ፣ መብራቱን አብሪ” የሚለውን ማንም ይመክራል። እኔ የምፈልገው ከዚያ ወዲያ ያለውን ነው፦ በየት ይጀመር፣ ምን ይያዝ፣ ምን ከታየ ነው ጥሎ መውጣት የሚሻለው?

ቧንቧ_ከነመፍቻው
ጊዜ ሲያጥር ዘዴው አንድ ነው። መጠበቅ የሚፈልገውን ፈተና አስቀድመሽ ታስጀምሪና እሱ በራሱ እየሠራ ሌላውን ታያለሽ። እንደገባሽ፣ ሳሎኑን እንኳ ሳታይ፣ የውኃ ቆጣሪውን ፎቶ አንሺና ለ20 ደቂቃ ማንም ቧንቧ እንዳይከፍት ንገሪ። የሽንት ቤቱን የፍላሽ ሳጥን ክዳን አንስተሽ የምግብ ቀለም ከ5 እስከ 10 ጠብታ ጣል አድርጊበት፤ እንዳይለቀቅ። ቦይለሩን አብሪና ሰዓቱን ያዢ።

20 ደቂቃ ሲሞላ ተመለሺ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ቀለም ከያዘ ከሳጥኑ ሥር ያለው ጎማ አይገጥምም ማለት ነው። ዕቃው ርካሽ ነው፣ መቀየሩም ብዙ ሥራ የለውም፤ ግን ድምፅ ሳያሰማ በቀን በመቶ የሚቆጠር ሊትር ሊያፈስ ይችላል፣ ሒሳቡ ደግሞ በአንቺ ቆጣሪ ነው። ቆጣሪው ላይ ከቁጥሮቹ አጠገብ ኮከብ ወይም ሦስት ማዕዘን የመሰለች ትንሽ ነገር አለች፤ ለጠብታም ትዞራለች። እሷ እየዞረች ቀለሙ ካልወረደ ነገሩ ከበድ ይላል። ውኃው የሚሄደው ዓይን በማያየው ቦታ፣ ምናልባትም ግድግዳ ወይም ወለል ውስጥ ነው።

20ው ደቂቃ ካለፈ በኋላ ወደ ማጠቢያ ገንዳው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ቧንቧ ይከፍትና “ይወርዳል” ብሎ ይሄዳል። ቀጭን ውኃ እኮ ግማሹ በቅባት በተደፈነ ቱቦም ያልፋል። ገንዳውን ድፈኚና እስከ አፉ ሙዪው፣ ከዚያ ባንዴ ልቀቂው። ቱቦው ሙሉ ሆኖ ሲሮጥ ነው ጉዱ የሚወጣው። ውኃው እየወረደ ጎንበስ ብለሽ የሲፎኑን (ከገንዳው ሥር ያለው የታጠፈ ቱቦ) መጋጠሚያዎች በደረቅ ሶፍት ዙሪያቸውን ጥረጊ፤ ዓይን ያላየውን ጠብታ ሶፍት ያሳያል። ጆሮሽ ደግሞ ወለሉ ላይ ባለው የፍሳሽ ቀዳዳ ይሁን። “ጉልጉል” ካለ የአየር መውጫው ቱቦ ተዘግቷል፣ ወይም ዋናው መስመር እየተደፈነ ነው። የሚወርድ ውኃ ከኋላው አየር ይስባል፤ አየሩን ከጣራ ካላገኘ ከጎረቤቱ ሲፎን ይጠባል፤ ሲጠባም ሽታ የሚያግደውን 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ውኃ ይዞት ይሄዳል። ከዚያ በኋላ ቤቱ ይሸታል፣ ሰው ሽንት ቤቱን ቀንና ሌሊት ያጥባል፣ ሽታው ግን ከእጥበት ጋር ምንም ግንኙነት የለውም።

ግፊቱን በባልዲ ለኪ። ባለ 10 ሊትር ባልዲ ሻወሩ ሥር አስቀምጠሽ ሰከንድ ቁጠሪ። በ60 ሰከንድ ከሞላ በጣም ጥሩ ነው። 100 ሰከንድ ከፈጀ በደቂቃ 6 ሊትር ነው፣ ያስታጥባል። 2 ደቂቃ ካለፈ ጸጉር መታጠብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ከዚያ የኩሽናውን ቧንቧ ከፍተሽ እንደገና ለኪ። በግማሽ ከወረደ ቱቦው ቀጭን ነው ወይም ውስጡ ዝጎ ጠቧል።

ሁለት ወር ባዶ መክረሙ ሁለት ነገር ያመጣል። አንደኛ፣ ሲፎኖቹ ደርቀው ሊሆን ስለሚችል ሽታ ቢኖር ወዲያው አትደንግጪ። በእያንዳንዱ ፍሳሽ 1 ሊትር ውኃ አፍሺና መስኮት ክፈቺ፤ ሽታው በግማሽ ሰዓት ካልጠፋ የመቀመጫው ሥር ማሸጊያ ወይም የተሰበረ ቱቦ አለ። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የሚወጣው ውኃ ቡናማ ሊሆን ይችላል። በሁለት ሦስት ደቂቃ ከጠራ ተኝቶ የቆየ ውኃ ነው። እየጠራ፣ ትንሽ ዘግተሽ ስትከፍቺው ተመልሶ ከደፈረሰ የብረት ቱቦው ከውስጥ እየተበላ ነው።

ጣራ_ላይ_ያለው
ከላይ የተባለው ሁሉ ልክ ነው፣ አንድ ነገር ግን ይታረም። ጣራ ላይ ታንከር ካለ የቆጣሪው ፈተና ያሳስታል። ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ ቆጣሪው ቢዞር ታንከሩ እየሞላ ሊሆን ይችላል። መጀመሪያ ወደ ታንከሩ የሚሄደውን ጌት ቫልቭ ዝጊ፣ ከዚያ ቆጣሪውን እዪ። ያኔም ከዞረ ከቆጣሪው እስከ ቫልቩ ባለው መስመር ላይ ፍሳሽ አለ። ከታንከሩ ወደ ቤት የሚወርደውን መስመር ግን ቆጣሪው አያውቀውም፤ እሱን የምታውቂው ቫልቩ ተዘግቶ የታንከሩ ውኃ ከፍታ በ20 ደቂቃ ውስጥ ሲቀንስ ነው። ፓምፕ ካለው ደግሞ ይቀላል። ምንም ቧንቧ ሳይከፈት ፓምፑ በየጥቂት ደቂቃው ራሱን እያስነሣ የሚያጠፋ ከሆነ አንድ ቦታ ይፈሳል፣ ወይም ውኃ ወደ ኋላ የማይመልሰው ቫልቭ አይዘጋም።

ታንከሩ ጋ ከወጣሽ ክዳኑ መግጠሙን እዪ። ክዳን የሌለው ታንከር ብርሃን ስለሚያገኝ አልጌ ያበቅላል፣ ወፍም ትንኝም ይገባበታል። ልኩንም ጠይቂ። አንድ ሰው በቀን ከ50 እስከ 100 ሊትር ይጠቀማል ብለሽ አስቢ፤ 1,000 ሊትር ለአራት ሰው ቢበዛ አምስት ቀን ነው። ታንከሩ የጋራ ከሆነ ለስንት ቤት እንደሚከፋፈል ሳትጠይቂ አትውረጂ።

ፌዝና_ኒውትራል
የኤሌክትሪኩን እኔ ልያዝ። አስቀድሜ፦ የብሬከር ሳጥኑን የውስጥ ሽፋን ማንም እንዳይፈታ። በሩን ከፍቶ ማየት ይበቃል።

ስትከፍቺው በመጀመሪያ “ቲ” የሚል ፊደል ያለበት ትንሽ ቁልፍ ፈልጊ። ኤሌክትሪክ ወደ ሰው አካል ሲያመልጥ የሚቆርጠው ብሬከር እሱ ነው፤ 30 ሚሊ አምፔር ተብሎ ይጻፍበታል። ባለቤቱን አስፈቅደሽ ስትጫኚው ወዲያው መውደቅ አለበት። ካልወደቀ ሞቷል። ጭራሽ ከሌለ መታጠቢያ ቤት ውስጥ የኤሌክትሪክ ቦይለር ያለው ቤት አይመከርም፤ ይገጠምልኝ ብለሽ ጠይቂ። እዚህ ላይ ግን አትታለሉ፤ ቁልፉ ተጭኖ መውደቁ ኧርዝ (ያመለጠ ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) መኖሩን አያሳይም። ሙከራውን የሚያደርገው በራሱ ውስጥ ባለ ተቃዋሚ ስለሆነ ኧርዝ በሌለበት ቤትም ይወድቃል። ሦስት ቀዳዳ ያለው ሶኬትም ማስረጃ አይደለም፣ ሦስተኛው ቀዳዳ ከኋላው ሽቦ ላይኖረው ይችላል። ሦስት መብራት ያላት የሶኬት መሞከሪያ አለች፤ ርካሽ ናት፣ እየተዘዋወርሽ መሰካት ነው። ኧርዙ ጥራቱ ምን ያህል እንደሆነ አትነግርሽም፣ መኖር አለመኖሩን ግን ትነግርሻለች።

ቀጥሎ ሙቀት። 2,000 ዋት የሆነ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ወይም የልብስ ካውያ ይዘሽ ሂጂ። ኩሽና ባለው ሶኬት ላይ ለ10 ደቂቃ ይሥራ፤ ከዚያ አጥፍተሽ ንቀዪና የመሰኪያውን ጥርሶች ሳይሆን ፕላስቲኩን በእጅሽ ጀርባ ንኪ። ለብ ቢል ምንም አይደለም። እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ሶኬቱ ልል ነው። ምክንያቱን በቁጥር እንየው፦ 2,000 ዋት በ220 ቮልት 9 አምፔር ገደማ ይስባል። የላላች አንዲት ቡሎን ግማሽ ኦም ብቻ ብትጨምር 9 በ9 በ0.5፣ ማለትም 40 ዋት ሙቀት እዚያች ነጥብ ላይ ይከማቻል። ራዲዮ ጠጋኝ ቆርቆሮ የሚያቀልጥበት ካውያ 40 ዋት ነው። ያ ካውያ ግድግዳ ውስጥ ተቀብሮ በየቀኑ ይሠራል ማለት ነው። የጠቆረ ወይም ቢጫ የሆነ የሶኬት ፊት ካየሽ ይህ ነገር ተጀምሯል።

የብሬከሮቹንም ቁጥር አንብቢ። በ220 ቮልት ለተለመደ የሶኬት መስመር 16 ወይም 20 አምፔር፣ ለመብራት 10 ነው የሚጠበቀው። በቀጭን ሽቦ ላይ 40 አምፔር ከተገጠመ አንድ ሰው ብሬከር እየወደቀ ሲያስቸግረው ትልቅ ገጥሞ ዝም አሰኝቶታል። ያኔ ቀድሞ የሚነደው ሽቦው ነው።

የመጨረሻዋ ሰው የሚረሳት ናት። ዋናውን ብሬከር አስጥለሽ ቆጣሪውን እዪ። ቆጣሪው ላይ ቀይ መብራት አለ፤ 1000 ብልጭታ 1 ኪሎዋት ሰዓት የሚቆጥር ብዙ ነው፣ ቁጥሩ ፊቱ ላይ ተጽፏል። ዋናው ወድቆ አሁንም ብልጭ ብልጭ ካለ ሌላ ሰው በአንቺ ቆጣሪ እየተጠቀመ ነው። የማይጠፋ፣ ብልጭም የማይል፣ ዝም ብሎ የቆመ ቀይ መብራት ግን አንዳንዱ ቆጣሪ ላይ “ፍጆታ የለም” ማለት ነው፤ በዚያ ሰው እንዳትከሺ።

አከራይም_ነኝ
ሁሉንም አነበብኩ፣ አልቃወምም። አንድ ምክር ብቻ፦ ይህን ዝርዝር ይዞ ሳይናገር ብሬከር መጣል የጀመረ ሰው ባለቤቱን ያስኮርፋል፣ መብትም የለውም። ከቀኑ በፊት ደውላችሁ “ውኃና መብራት እሞክራለሁ፣ ቦይለሩን ከሁለት ሰዓት በፊት ያብሩልኝ” በሉ። ቤቱ ጤነኛ የሆነ አከራይ ይህን ሲሰማ ተከራዩ ቤት የሚይዝ ሰው መሆኑን ነው የሚረዳው። ዋናውን ብሬከር ለአንድ ደቂቃ መጣልን ሽንጡን ገትሮ የሚከለክል ካለ ደግሞ መልሱን ሰጥቷችኋል።

ቧንቧ_ከነመፍቻው
የቦይለሩ ነገር እውነት ነው፣ አስቀድሞ መብራት አለበት። 50 ሊትር ቦይለር በ1,500 ዋት ከ20 ዲግሪ ወደ 60 ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጃል። በግማሽ ሰዓት የሚጨምረው 12 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ ባየሽው ቀን ያበራሽው ከሆነ ለብ ማለቱ በቂ ነው፤ “አያሞቅም” ብለሽ አትፍረጂ። ሲሞቅ ከደኅንነት ቫልቩ ጠብ ጠብ ማለቱም ጤና ነው፤ ውኃ ሲሞቅ ይሰፋል። ቀዝቅዞም ሳያቋርጥ የሚያንጠባጥብ ከሆነ ግን ቫልቩ ወይም ግፊቱ ችግር አለበት። ቫልቩ ጫፍ በላስቲክ ወይም በእንጨት ተወትፎ ካየሽ ያንን ቦይለር አታብሪው፣ ግፊት መውጫ ያጣ ጋን ፈንጂ ነው።

ግድግዳ_አንባቢ
“ቀለሙ አዲስ ነው” የሚለው ቃል ለእኔ ጥያቄ መክፈቻ ነው። ቤቱ ሁሉ ከተቀባ ደግ፣ የተለመደ ነው። አንድ ግድግዳ ወይም የግድግዳው ታችኛ ክፍል ብቻ ከተቀባ ግን እዚያ ቁሚ።

መስኮት ከመከፈቱ በፊት አሽቺ። አፍንጫ በሁለት ደቂቃ ስለሚለምድ ዕድሉ አንድ ጊዜ ነው፤ በሩ ሲከፈት የመጀመሪያው ትንፋሽ። እንደ እርጥብ ካርቶን የሚሸት ከሆነ የቀለሙ ሽታ እንኳ አይሸፍነውም። ከዚያ የስልክሽን መብራት ግድግዳው ላይ አስጠግተሽ ጎን ለጎን አብሪው። ፊት ለፊት ሲበራ ለስላሳ የሚመስል ግድግዳ በጎን ብርሃን አረፋውን፣ ጥገናውን፣ የተለጠፈ ልስኑን ሁሉ ያወጣዋል። ቁም ሳጥኖችን ክፈቺ፣ ጀርባቸውን እዪ፤ ቀለም ቀቢ እዚያ አይደርስም።

የርጥበቱ ቦታ ምንጩን ይናገራል። ምድር ቤት ላይ ከወለል እስከ 1 ሜትር ገደማ የሚወጣ፣ አናቱ ላይ ነጭ ጨው ያዘለ መስመር ከመሬት የሚሳብ ውኃ ነው። አንቺ ግን ሦስተኛ ፎቅ ነሽ፤ ከመሬት የሚሳብ ውኃ እዚያ አይደርስም። ስለዚህ እዚያ ቤት ዞኮሎው አካባቢ ርጥበት ካገኘሽ ቱቦ ነው፣ ወይም ከግድግዳው ጀርባ የመታጠቢያ ቤቱ ሴራሚክ ውኃ ያስገባል። ኮርኒስ ላይ ቡናማ ቀለበት ካለ ከላይ ያለው ሰው መታጠቢያ ቤት የት እንደሆነ አስቢ። ብዙ ጊዜ የላዩና የታቹ ቤት አሠራር አንድ ስለሆነ ቀለበቱ ከመታጠቢያ ቤትሽ በላይ ከሆነ መልሱ ግልጽ ነው። በደረቅ ሶፍት ተጫኚው፤ ከረጠበ ዛሬም ይፈሳል። ደረቅ ከሆነ ቢያንስ መቼ፣ በማን እንደተጠገነ ጠይቂ። በውጭ ግድግዳ ጥግና በመስኮት ዙሪያ ያለ ጥቁር ነጠብጣብ ሻጋታ ደግሞ ከሰው ትንፋሽ፣ ከማብሰያና ከማድረቂያ የመጣ እንፋሎት ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ሲያርፍ የሚፈጠር ነው። እሱ ያለበትን ቤት ብትይዢ እንኳ ቁም ሳጥን ከውጭው ግድግዳ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ራቅ አድርገሽ አስቀምጪ፣ መታጠቢያ ቤቱ መስኮት ወይም አየር መሳቢያ ይኑረው።

ጥርጣሬ ከቀረና ቁልፍ ከተቀበልሽ በኋላ ማረጋገጥ ከፈለግሽ፦ 40 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአሉሚኒየም ወረቀት ዙሪያውን በፕላስተር አሽገሽ ግድግዳው ላይ ለ48 ሰዓት ተይው። ከጀርባው ጤዛ ከያዘ ውኃው ከግድግዳው ውስጥ ነው። ከፊቱ ከያዘ ከክፍሉ አየር ነው። አከራዩና ተከራዩ “አንተ ነህ፣ አንቺ ነሽ” የሚባባሉበት ክርክር ብዙውን ጊዜ በዚህች ወረቀት ያልቃል።

ስንጥቅ ሁሉ አያስፈራም። ፀጉር የመሰለው የልስን ነው። ከመስኮት ወይም ከበር ማዕዘን ተነሥቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ 5 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በላይ የተከፈተ፣ በአንድ ጫፉ ሰፍቶ በሌላው የጠበበ ከሆነ ግን ሕንፃው እየተንቀሳቀሰ ነው። በሮቹን ሁሉ ክፈቺ ዝጊ፤ በር ተጣብቆ ስንጥቁም አጠገቡ ካለ ሁለቱ አንድ ታሪክ ናቸው።

ተከራይ_ልሆን
ይህን ያህል አልጠበቅኩም፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ባዶ ስለከረመ ትኋንና በረሮ አይኖርም ብሎ ማሰብ ይቻላል? ቁልፉንስ ማን ማን እንደያዘው በምን ይታወቃል?

ተባይ_አዳኝ
አይቻልም። ትኋን ሳይበላ ለወራት ይቆያል፤ ሁለት ወር ለእሱ ምንም አይደለም። ያደገው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፣ እንቁላሉ 1 ሚሊ ሜትር። ቤቱ ዕቃ ከሌለው በዞኮሎው ላይኛ ጠርዝ፣ በሶኬት ፊት ዙሪያ፣ በተሰነጠቀ ልስንና በመጋረጃ መስቀያው ቀዳዳዎች መብራት አብሪ። የምትፈልጊው ትኋኑን ራሱን አይደለም፤ በእስክሪብቶ ጫፍ የተነጠበ የመሰለ ጥቁር ነጥብ ነው። በርጠብ ያለ ሶፍት ስትጠርጊው እንደ ቀለም ከተዘረገፈ የደረቀ ደም ነው፣ ካልተዘረገፈ ቆሻሻ ይሆናል። አልጋ ካለው ፍራሹን አቁሚና ስፌቱን፣ የአልጋውን ብሎን ቀዳዳዎች እዪ። አዲስ ቀለም የግድግዳውን ምልክት ይደፍነዋል፤ ከሶኬት ጀርባ ግን አይገባም።

በረሮ ኩሽና ነው፦ የቁም ሳጥን ማጠፊያዎች ውስጥ፣ ከማጠቢያው ሥር፣ ፍሪጅ ሞተሩ የሚሞቅበት ቦታ። የተፈጨ በርበሬ የመሰለ ጥቁር ብናኝ ኩሱ ነው። የአይጥ ነገር በመጠን ይለያል፤ ከ3 እስከ 6 ሚሊ ሜትር የሆነ ፍግ የትንሿ አይጥ፣ ከ12 በላይ የሆነ የትልቁ ነው። ትንሿ እርሳስ በሚያስገባ ቀዳዳ ታልፋለች፤ ቱቦ ግድግዳ የሚበሳበትን ሁሉ እዪ። የተባይ ምልክት ካገኘሽ ዕቃሽ ከመግባቱ በፊት ይረጭ፣ ከገባ በኋላ ማን አመጣው የሚለው አያልቅም።

ቁልፍና_ሲሊንደር
ማን እንደያዘው አይታወቅም፣ ለዚህ ነው የሚቀየረው። ሙሉ ሰራቱራው አይነካም፣ ሲሊንደሩ ብቻ ነው። የበሩን ጎን ስታይ ከቁልፍ ቀዳዳው ትይዩ አንድ ረጅም ቡሎን አለ። እሱን ፈተሽ አውጪ፣ ቁልፉን ከትተሽ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ያህል ዘወር አድርጊ፣ ውስጡ ያለችው ምላስ ከሲሊንደሩ ጋር ስትስተካከል በቀስታ ይወጣል። ስትገዢ ልኩን ከቡሎኑ መሐል ወደ ሁለቱ ጫፍ ለኪ፤ 30 በ30፣ 30 በ40 እየተባለ ይሸጣል። በውጭ በኩል ከሰራቱራው ፊት ከ3 ሚሊ ሜትር በላይ መውጣት የለበትም፣ የወጣ ሲሊንደር በፒንሳ ተይዞ ይሰበራል። ባለቤቱን አስፈቅጂ፣ ፈቃዱ በጽሑፍ ይሁን። አሮጌውን አትጣዪ፣ ስትወጪ መልሰሽ ትገጥሚዋለሽ።

መስኮቶቹ ላይ ብረት ካለ ደግሞ ቢያንስ አንዱ ከውስጥ የሚከፈት ይሁን። እሳት በሩ በኩል ቢነሣ መውጫው እሱ ነው።

ሰማያዊ_ነበልባል
ጋዝ ካለ ባጭሩ። የእቃ ማጠቢያ ሳሙና በውኃ በጥብጠሽ በስፖንጅ ሬጉሌተሩንና የቱቦውን ሁለት ጫፎች ቀቢ፣ ጋዙን ክፈቺ፣ ምድጃው ዝግ ይሁን። አረፋ ካበጠ ያንጠባጥባል። በክብሪት የሚፈትሽ አይጠፋም፣ እባካችሁ ተዉ። ቱቦው ላይ ዓመተ ምሕረት ታትሟል፤ ያለፈበት ወይም ሲታጠፍ የሚሰነጠቅ ይቀየር። ነበልባሉ ሰማያዊ መሆን አለበት። ቢጫና ጥላሸት የሚያወጣ በደንብ አይነድም፣ ካርቦን ሞኖክሳይድ ያመነጫል፤ እሱ ሽታም ቀለምም የለውም። ጭስ ማውጫ ቱቦ የሌለው የጋዝ ውኃ ማሞቂያ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ካየሽ ድርድር የለውም፣ ውጪ።

ውል_ይነበባል
እስካሁን ቤቱ ተፈትሿል፣ የሚያከራየው ሰው ግን አልተፈተሸም። ትልቁ ኪሳራ ግን የሚመጣው ከዚያ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መታወቂያ ላይ ያለው ስም የባለቤትነት ሰነዱ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆኑን እዪ፤ ሰነዱ ዋናው እንጂ በስልክ የተላከ ፎቶ አይሁን። ወኪል ከሆነ ውክልናውን አንብቢ። የማከራየትና ገንዘብ የመቀበል ሥልጣን በግልጽ መጻፉን እዪ፣ ውክልናው አለመሻሩንም ሰነዱን ከሰጠው ክፍል አጣሪ። ቤቱ የጋራ ከሆነ፣ የባልና ሚስት ወይም የወራሾች፣ የሌሎቹ ፈቃድ ያስፈልጋል። የሚያከራየው ራሱ ተከራይ ከሆነ የባለቤቱ የጽሑፍ ስምምነት ይቅረብ። ውስጡን ሳታዪ “ሌላ ሰው እየመጣ ነው፣ ማስያዣ ላኪ” ከተባልሽ ግን ይህ ሁሉ አያስፈልግም፣ እዚያው ተይው።

ውሉ ውስጥ ከዋጋና ከጊዜ ሌላ የሚጣላባቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው፦ ኪራዩ መቼ፣ በምን ያህል ሊጨምር እንደሚችል፤ አንዱ ወገን መልቀቅ ሲፈልግ ስንት ቀን ቀድሞ እንደሚናገር፤ መያዣው በምን ምክንያት እንደሚቀነስና ከወጡ በኋላ በስንት ቀን እንደሚመለስ፤ ጥገና የማን እንደሆነ። በመጨረሻው ላይ “ጥገና በተከራይ” የሚል አንድ መስመር ብቻ ካለ አትፈርሚ። ግድግዳ ውስጥ ያለ ቱቦ፣ ዋና የኤሌክትሪክ መስመር፣ ጣራና ቦይለር የባለቤት፤ አምፖል፣ የተሰበረ መስታወት፣ በአያያዝ የተበላሸ ነገር የተከራይ ተብሎ ይለይ። ባዶ የቀሩ መስመሮች ይሰረዙ፣ በየገጹ ይፈረም፣ ለከፈልሽው ሁሉ የተጻፈ ደረሰኝ ይኑር። “እናስተካክለዋለን” የተባለ ነገር ቀን ካልተቆረጠለት በውሉ ውስጥ የለም።

ያለፈው ነዋሪ የውኃና የመብራት ዕዳ እንዳይወርስሽ የመጨረሻዎቹን ደረሰኞች ጠይቂ፣ ቆጣሪዎቹ ቁልፍ በተረከብሽበት ቀን የሚያነቡትን ቁጥር ውሉ ላይ አስጽፊ። የውኃ ቆጣሪ ላይ ጥቁሮቹ ሜትር ኩብ፣ ቀዮቹ ከዚያ ያነሱት ናቸው፤ ሁሉም ይጻፍ።

ግድግዳ_አንባቢ
የርክክብ ፎቶንም እዚሁ ላንሳ። ከእያንዳንዱ ክፍል አራት ማዕዘን አንድ አንድ ሰፊ ፎቶ፣ ከዚያ ጉድለቶቹን በቅርብ። በቅርብ ስታነሺ አጠገቡ ሜትር ወይም ሳንቲም አድርጊ፤ መጠን የማይታይበት የጭረት ፎቶ ከስድስት ወር በኋላ ለማንም ምንም አይነግርም። የማጠቢያው ሥር፣ የምድጃው ውስጥ፣ የበሮች ጀርባ አይረሱ። ዕቃ ከመግባቱ በፊት ይነሣ፣ በዚያው ቀን ለባለቤቱ ይላክ። ስልክሽ ውስጥ ብቻ የቀረ ፎቶ ቀኑ ይካዳል፣ የተላከ መልእክት ግን ሰዓቱን ይዞ ይቀመጣል።

ተከራይ_ልሆን
የመጨረሻ፦ ከዚህ ሁሉ ውስጥ ጥሎ የሚያስወጣው የትኛው ነው? ሁሉንም ካልኩ ቤት አላገኝም።

ፌዝና_ኒውትራል
ሙቀት ያለው ወይም የቃጠሎ ምልክት ያለበት መስመር፣ ባለቤቱም “ምንም አይልም” የሚል ከሆነ። ባለቤቱ የሚጠግን ከሆነ መጀመሪያ ይጠገን፣ እንደገና ማንቆርቆሪያውን ሰክተሽ ሞክሪ፣ ከዚያ ፈርሚ። መሞከሪያዋ በአንድ ሶኬት ኧርዝ የለም ካለች የሚስተካከል ነው። በሁሉም ካለች መላው ቤት ሽቦ ይፈልጋል፣ ያንን ማንም በሁለት ሳምንት አይሠራልሽም።

ግድግዳ_አንባቢ
ዛሬም እርጥብ የሆነ ኮርኒስ። ጥገናው በላይኛው ነዋሪ እጅ ስለሆነ አከራይሽ ቢፈልግም አይችልም።

ውል_ይነበባል
ዋና ሰነድ የማያሳይ ሰው። ሌላው ሁሉ በዋጋም በውልም ይደራደራል።

ቧንቧ_ከነመፍቻው
የሚያንጠባጥብ ሲፎን፣ የማይገጥም ጎማ፣ የደከመ የሻወር ራስ፣ እነዚህ ዋጋ ማስቀነሻ ናቸው እንጂ መተዊያ አይደሉም። የሚፈሳው ግድግዳ ውስጥ ከሆነ ግን ሴራሚክ ይሰበራል፣ አንቺ ተኝተሽ እያለ። ከመግባትሽ በፊት ያልቅ።

ስትሄጂ የሚያዘው፦ ባልዲ፣ ሶፍት፣ ሜትር፣ የሶኬት መሞከሪያ፣ ማንቆርቆሪያ፣ የምግብ ቀለም፣ የተሞላ ስልክ። ሜትሩ ለግድግዳ ብቻ አይደለም፤ የደረጃውን መታጠፊያና የበሮቹን ስፋት ለኪ፣ የፍሪጅና የልብስ ማጠቢያ ማሽን ብዙዎቹ 60 ሳንቲ ሜትር ናቸው፣ ከጎንና ከኋላ 5 ሳንቲ ሜትር መተንፈሻ ይጨመር።

ቁልፍ ከተረከብሽ በኋላ፣ እዚያ ከማደርሽ በፊት፣ ሁሉንም ቧንቧ ለ5 ደቂቃ ክፈቺ፤ በቱቦ ውስጥ ለብ ብሎ የተኛ ውኃ ሳንባ የሚያሳምም ባክቴሪያ ያራባል። የሻወሩን ራስ ባልዲ ውስጥ ውኃ ሥር ነክረሽ ልቀቂው፣ እንፋሎቱን እንዳትስቢ። ቦይለሩም 60 ዲግሪ ላይ ይሁን።

ደግሞ ፈተናውን ስትጨርሺ ሽንት ቤቱን ሁለት ጊዜ ልቀቂው። ባለቤቱ በኋላ ገብቶ ሰማያዊ ውኃ አይቶ እንዳይደነግጥ።